ጋቢዬን የወረሰችው ባዝራ

በሰባ አንድ ዓመቴ ያጠራቀምኩትን ጅልነት ሰሞኑን በአንድ ጊዜ አወጣሁት፦ ላብ ያጠመቃትን ባዝራ፣ በታኅሣሥ ነፋስ መሀል፣ "ትንሽ ትረፍ" ብዬ ኮርቻዋን አወረድኩላት። ደግነት መስሎኝ ነው። ከጠዋቱ ልጀምር።

ንጋት 11፡30፣ ጎንደር መናኸሪያ

"ደባርቅ! ደባርቅ! አባባ ይግቡ፣ አንድ ሰው ነው የቀረን!" ይላል ረዳቱ። ገባሁ፤ የቀሩት ዘጠኝ ነበሩ። ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ ጠበቅሁ። ልብስ ስፌቴን ዘግቼ የምሄደው የአክስቴን ልጅ እታገኝን ልጠይቅ ነው። ጉልበቷ አልታዘዝ ካላት ወዲህ ቤተ ክርስቲያንም ገበያም የምትወርደው በባዝራዋ በዳማ ነው።

3 ሰዓት፣ ዳባት

ሻይና ትኩስ ዳቦ። የታጨደው የገብስ ማሳ ላይ አመዳይ ነጭ ሆኖ ተኝቷል።

"አባባ፣ ሰው ከብርድ ይሸሻል፤ እርስዎ ወደ ብርድ?" አለ ሹፌሩ።

"ከባለቤቴ ነው የምሸሸው" አልኩት።

5፡30፣ ከደባርቅ በላይ

እታገኝ ዳማን በጎረቤቷ በአዱኛ እጅ ልካልኛለች። አዱኛ ጎልማሳ ገበሬ ነው፤ እንደ ጆንያ አንስቶ ኮርቻው ላይ ጫነኝ። አቀበቱን ጨርሰን ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል የበዛበት ሜዳ ስንደርስ፣ እሱ ከአንድ ዘመዱ ጋር ሰላምታ ሲለዋወጥ ወደ ኋላ ቀረ። እኔም ወረድኩና ያንን ደግነቴን ሠራሁ። ከጀርባዋ እንፋሎት ቦለል አለ። ወዲያው ከትከሻዋ እስከ ጭኗ ተንቀጠቀጠች።

አዱኛ እየሮጠ መጣ። "ምነው አያ! ኮርቻውን ማን አወረደው?"

"እኔ። ትተንፍስ ብዬ።"

"በአፍንጫዋ ነው እንጂ በጀርባዋ ትተነፍሳለች እንዴ!"

ለካ በዚህ አገር የኮርቻውን የሆድ መቀነቻ ላላ ያደርጋሉ እንጂ፣ ላቧ ሳይደርቅ ኮርቻ አያወርዱም። አዱኛ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "አያ፣ ይቺ ከወደቀች እኮ የእትዬ እታገኝ እግር ወደቀ" አለኝ።

በደረቅ ሣር ላቧን ጠረግንላት። ጋቢዬን አወለቅኩና ደረብኩላት፤ በገመድ ሆዷ ላይ አሰርነው። የቀረውን መንገድ በእግሬ ሄድኩ። ሁለታችንም እንንቀጠቀጣለን፤ እሷ በብርድ፣ እኔ በብርድም በኀፍረትም።

9 ሰዓት፣ እታገኝ ደጅ

በትሯን ተደግፋ ወጣች። እኔን አልፋ የዳማን ጆሮ ከሥሩ ያዘች። "በረዶ ሆኗል" አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "አንተም እንኳን ደህና መጣህ።"

የሆነውን ነገርኳት። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ዳማን እቤት ውስጥ ካለው ጋጣ አስገብተን ጭድ አወፍረን ጎዘጎዝን፤ ለብ ያለ ውሃ ሰጠናት። ገብሱን አሸተተችና ፊቷን አዞረች። እታገኝ ባለሦስት እግር የእንጨት ዱካዋ ላይ ቁጭ ብላ ጉልበቷን እያሸች "አይዞህ፣ ሸጋ ትሆናለች" ትለኛለች። ዓይኗ ግን ከገብሱ አልተነሳም።

በማግስቱ፣ ጠዋት 12 ሰዓት

የቀሰቀሰኝ ገብስ የሚቆረጥም ጥርስ ነው። እታገኝ ቀድማኝ ጋጣው ውስጥ ናት፤ እጇ የዳማ ጆሮ ላይ፣ እንባዋ ጉንጯ ላይ።

"ሞቀ! ና ንካው፣ ሞቀ!"

ነካሁት። እውነትም ሞቋል። ደስ ብሎኝ ጋቢዬን ልፈታ እጄን ብሰድ እታገኝ በትሯን አነሳች።

"ተወው! ዕድሜህን ሙሉ ለሰው ስትሰፋ ኖረህ ለእሷ አንድ ልብስ ያቅትሃል? እስክታመጣላት የአንተን ትልበስ።"

ሜትሬ ከኪሴ አይለይም። ከደረቷ እስከ ጭራዋ፣ ከጀርባዋ እስከ ሆዷ ለካኋት። ስትለካ ሆዷን ያልሳበች ደንበኛ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

ጎንደር፣ ስፌት ቤቴ

ያለ ጋቢ ተመለስኩ፤ ባለቤቴ እስካሁን ትስቅብኛለች። ዕድሜ ልኬን ደንበኛን ሁሉ "ነገ ይምጡ" እያልኩ ኖሬያለሁ። ዳማን ግን እንዲያ ማለት አልቻልኩም። ወፍራሙ ብርድ ልብስ በልኳ ተቆርጦ ማሽኑ ላይ ነው፤ የሆዷ ማሰሪያ ብቻ ይቀረኛል።