ሃያ ሁለት ጥርስ

ኤቫሪስቶ ሌይቫ ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም አይቼው አላውቅም። ባያሞ ከተማ ውስጥ ግን ስለት ያለበት ሰው ሁሉ ከቄሱ በፊት የሚሄደው እሱ ዘንድ ነበር። ቤንዚን ከኩባ በጠፋባቸው በእነዚያ ዓመታት አውቶቡስ የለ፣ መኪና የለ፤ ያለን ከባዱ ብስክሌት ብቻ ነው፤ ስለታችንንም የምናደርሰው በእሱው ነው። ማርሽ መቀየር የሚባል ነገር አያውቅም። ከኋላ ጎማው ላይ ያለችው ጥርሳም ብረት አንድ ናት፤ ሜዳውም ዳገቱም በእሷው ነው። ጥርሷ ከበዛ ዳገቱ ይቀላል፣ ሜዳ ላይ ግን እግር በከንቱ ሲሽከረከር ይውላል። ካነሰ ደግሞ ሜዳው ይፈጥናል፣ ዳገቱ ነፍስ ያወጣል።

ኤቫሪስቶ የሚሠራው ያቺን ብረት ነበር። አርባ ዓመት በስኳር ፋብሪካ ብረት ሲቀርጽ ኖሮ፣ ጡረታ ከወጣ በኋላ ከአሮጌ ማሽን ቁራጭ ላይ በሞረድ ጥርስ ያወጣል፤ አንዷን ለመጨረስ ሦስት ቀን ይፈጅበታል። ስንት ጥርስ እንደሚያስፈልግህ አንተ አትነግረውም፤ እሱ ነው የሚነግርህ።

እኔ የሒሳብ አስተማሪ ስለሆንኩ ይሄ ነገር ያናድደኝ ነበር። አንድ ቀን ፔዳሉ ጋ ያለውን የፊቱን ጥርስ ለኋላው አካፍዬ፣ በጎማው ዙሪያ አባዝቼ በወረቀት ወሰድኩለት። ተቀበለኝና እጁን ጠረገበት።

"መምህሬ፣ ይሄ ወረቀት ጉልበቱን ያመዋል?"

"ወረቀት ምን ጉልበት አለው!"

"እንግዲያው ስለ ዳገት ምን ያውቃል?"

ተቀይሜው ሌላ ሰው ዘንድ ሄጄ ባለ አሥራ ስድስት ጥርስ አስገጠምኩ። ወንድ ከሆንክ በአሥራ ስድስት ንዳ ይባል ነበር፤ ከሃያ ያለፈውን "የአሮጊት ጥርስ" እያልን እንስቅበታለን።

የእመቤታችን በዓል ሊደርስ ወር ሲቀረው ጎረቤቴ ኦኔሊያ ኤቫሪስቶ ዘንድ መጣች፤ እኔም እንደ ልማዴ ልሟገተው እዚያው ነበርኩ። ኦኔሊያ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፣ ወፍራም ናት፣ ቀኝ ጉልበቷ ያብጣል። ልጇ ማይዴሊስ በምግብ እጦት ዓይኗ ጠፍቶባት ከርማ በመድኃኒት በግማሽ ተመልሶላታል፤ የሰው ፊት ትለያለች፣ ደቃቅ ነገር ግን አይታያትም። እናትየው ልጇ ጨለማ ውስጥ ሳለች ኤል ኮብሬ ዳገት ላይ ደብሯ ላለው እመቤት ተስላለች፤ መቶውን ኪሎ ሜትር በብስክሌት እመጣለሁ፣ ከመጨረሻው ዳገት ሥር እስከ ደጅሽ ድረስ እግሬ መሬት አይነካም ብላ። ከነካ ያልተመለሰው የልጇ ዓይን ግማሽ በዚያው ጠፍቶ እንደሚቀር ታምናለች። ከዚህ በላይ አልተናገረችም። እኛ ዘንድ ስለት ሙሉው በአፍ አይወጣም፤ አንዱ ቁራጭ እስኪፈጸም ድረስ ምሥጢር ነው።

"ሃያ ስድስት ሥራልኝ፣ ሽማግሌው" አለችው። "ሜዳው እንደፈለገው ይሁን። እኔን ያስፈራኝ ዳገቱ ነው።"

"በሃያ ስድስት ዳገቱ ሥር ስትደርሺ እኮ እግር የሚባል ነገር አይኖርሽም። ብስክሌትሽን አምጪ።"

አመጣች። ዙሪያውን አየና የኋላ መጫኛውን ዳሰሰ፤ በአራት የታጠፈ ፎጣ ታስሮበታል። አሸዋ በጆንያ ሞልቶ፣ መዝኖ፣ ፎጣው ላይ አሰረና ከወንዙ ወደ ከተማው የሚያወጣውን አቀበት ውጪ አላት።

"አንተ ሰውዬ፣ ልትገላት ነው እንዴ?" ብዬ ጮኽኩ። "ሻማና አበባ ለምትጭን ሴት ይሄ ሁሉ አሸዋ ምን ያደርጋል?"

"አንተ አካፍል፣ መምህሬ።"

ስድስት ማለዳ አሸዋውን አስጎተታት፤ በየቀኑ ከሰው የተዋሰውን ሌላ ጥርሳም ብረት እየገጠመ። እግሯን አያይም፣ ትከሻዋን ነው የሚያየው። በሰባተኛው ቀን "ሃያ ሁለት" አለ። "በሃያ አንድ ጉልበቷ አይችልም፤ በሃያ ሦስት ሜዳው ያደክማታል።"

"አንድ ጥርስ ምን ለውጥ ያመጣል?" ብዬ ሳቅሁበት። ሞረዱን አንሥቶ ሥራውን ጀመረ።

የጉዞው ማለዳ ደጃፏ ተሰበሰብን። ኦኔሊያ ቢጫ ቀሚሷን ለብሳ አበባ ይዛ ወጣች። ማይዴሊስ ተከትላት ወጣችና ጆንያው ታስሮበት በነበረው ቦታ፣ ፎጣው ላይ ተቀምጣ እናቷን በወገቧ አቀፈቻት። ምሥጢሩ ይሄ ነበር፤ ልጇን ጭና መሄድ።

ወደ ኤቫሪስቶ ዞርኩ። ሲጋራውን እያቀጣጠለ ነው።

"አርባ አራት ኪሎ አትሞላም" አለኝ በቀስታ። "አሸዋው አርባ አምስት ነበር፤ አበባው ይታሰብ ብዬ።"

"ማን ነገረህ?"

"ለሻማ ብሎ ፎጣ የሚያነጥፍ ሰው የት አይተሃል?"

አብሬያቸው ሄድኩ። ሜዳውን በአሥራ ስድስቴ እየከነፍኩ ማንጎ ጥላ ሥር ተቀምጬ ስኳር ድንቼን እየበላሁ እጠብቃቸዋለሁ፤ እሷ ሳትፈጥን ሳትዘገይ፣ በዚያው በአንድ ምት ትደርሳለች። መንገድ ላይ ባለችው ፓልማ ሶሪያኖ ከተማ ዘመድ ቤት አደርን። በነጋታው ዳገቱ መጣ። እኔ የመጀመሪያዋ ኩርባ ላይ ቆምኩ፤ ወርጄ ብስክሌቴን ስገፋ ኦኔሊያ በጎኔ አለፈች። እያለከለኩ ተከተልኳት።

ከላይኛው ኩርባ ላይ ብስክሌቷ ቆመ ለማለት ምንም አልቀረው። ፔዳሉ ላይ ተነሥታ ሙሉ ክብደቷን ጫነችበት፤ ፔዳሉ አልወርድ አለ። ማይዴሊስ ጉንጯን እናቷ ጀርባ ላይ ለጥፋ ዓይኗን ጨፍናለች። የኦኔሊያ ግራ እግር ከፔዳሉ ተነሥቶ መሬት ሊረግጥ ሲል አየሁ። ከዚያ ሰንሰለቱ ሲጢጥ አለና ግማሽ ዙር ሄደ። ሌላ ግማሽ ዙር። አንድ ጥርስ ቢያንስ ኖሮ እዚያች ቦታ ላይ ያበቃላት ነበር፤ በሕይወቴ እንደዚያ ተደንቄ አላውቅም፣ እንባዬም ፈሰሰ። ደጁ ድረስ ነዳችው። ጉልበቷ አብጦ መውረድ ስላቃታት ሦስት ሰው ሆነን ደግፈን አወረድናት።

ባያሞ ስንመለስ ኤቫሪስቶ ሆነ አልሆነም ብሎ አልጠየቀም። ጎማውን ፈትቶ ጥርሳሟን ብረት አወጣና ቅባቷን ጠረገ፤ አንዷ ጥርስ ላይ የኖራ ነጥብ አድርጎ ግድግዳው ላይ ባለች ምስማር ሰቀላት።

"ማይዴሊስ ልጄ፣ የኔ ዓይን ደክሟል። ከነጥቧ ጀምረሽ ቁጠሪልኝ። በጣትሽ ሳይሆን በዓይንሽ።"

ልጅቷ ቀረብ ብላ ጀመረች። አሥራ አራት ላይ ጠፋባት። ኦኔሊያ አሸዋው ጆንያ ላይ ተቀምጣ ቀሚሷን በሁለት እጇ ጨምድዳለች። ማይዴሊስ ዓይኗን አሸት አሸት አደረገችና እንደገና ከነጥቧ ተነሣች፤ ቀስ ብላ፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች።

"ሃያ ሁለት" አለች።

ኤቫሪስቶ ወደ እናትየው ዞረ።

"እንግዲያው እግርሽ መሬት አልነካም" አላትና ቆቡን አወለቀ።