የሃያ ስምንቱ ገና

ገናን ብቻዬን፣ እቤቴ ተቀምጬ ማክበር የጀመርሁት በጣሊያን ጊዜ ነው። ቤታችን ከሮብ ገበያ በላይ፣ ወደ ጮቄ ተራራ በሚያወጣው አቀበት ላይ ነበር። ባሌ ዱር ገብቷል። ጎረቤቱ ገሚሱ ተከትሎት ሄዶ፣ ገሚሱ የጣሊያንን ምሽግ ሸሽቶ ወደየዘመዱ ተበትኖ፣ ከዚያ ሁሉ ቤት ጭስ የሚወጣው ከእኔው ብቻ ነበር። ወንድሞቼ ደጀን እነሱ ዘንድ እንድሄድላቸው ቢለምኑኝም እምቢ አልሁ። ባሌ የሚያውቀው በር ይኸ ነው። ሲመጣ ተዘግቶ እንዲጠብቀው አልፈለግሁም።

በኅዳር መጨረሻ መልእክት ላከብኝ። «ለገና እመጣለሁ፤ ከቤትሽ እንዳትጠፊ» ነበር ቃሉ። ብቸኝነት ከብዶኝ ነበርና ያችን ቃል ጾሙን ሁሉ ሳመነዥካት ከረምሁ።

መሰናዳቱ ራሱ ያሞቅ ነበር። ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት ሲያድር፣ ጠዋት የአስታ እንጨት አንድጄ፣ ድንች ረመጥ ውስጥ ቀብሬ፣ ጥጥ እየፈተልሁ እቀመጣለሁ። የገብስ ጠላ ጠመቅሁ። ግድግዳውን በነጭ አፈር ለቀለቅሁ። የሚያነጋግረኝ ባጣ ከምሰሶው ሥር ካሰርሁት አውራ ዶሮ ጋር ሳይቀር አወራለሁ። እሱን እኔ ላርደው አልችልም፤ በአገራችን ሴት አታርድም፤ በአካባቢው ደግሞ ወንድ የሚባል አልቀረም። ስለዚህ ዶሮውም እንደ እኔው ባሌን ይጠብቅ ነበር።

ቤተ ክርስቲያኑ ተዘግቶ ካህናቱ ከሸሹ ወዲህ ቀኑን የምቆጥረው ራሴ ነኝ። የመሪጌታ ልጅ ነኝና በበዓል ቆጠራ የሚያርመኝ የለም ብዬ እመካ ነበር። ጠዋት ጠዋት አንድ ባቄላ ቅል ውስጥ እጥላለሁ። ታኅሣሥ ሃያ ስምንት ሲሞላልኝ «ዛሬ ዋዜማ ነው» አልሁና፣ ለነገው ወጥ ቅቤ ላመጣ ከወንዙ ማዶ ላሞች ካሏቸው ባልቴት ዘንድ ወረድሁ።

ባልቴቷ ደጃቸው ላይ ፀሐይ እየሞቁ እርጎ ይጠጣሉ።

«ምነው እትየ፣ በጾም እርጎ?»

«የምን ጾም? ልደት ነው እኮ ዛሬ!»

«ልደትማ ነገ ነው።»

«ኧረ አንቺ! ዘመኑ ዮሐንስ አይደለም? አምና ጳጉሜን ስድስት ሆናለች። እንዲያ ስትሆን በዓመቱ ገና በሃያ ስምንት ነው የሚውል። የመሪጌታ ልጅ ሁነሽ ይኸ ጠፋሽ?»

ባቄላዎቼ አልተሳሳቱም። የረሳሁት ዘመኑን ነው። ቅቤውን አንጠልጥዬ አቀበቱን በሩጫ ወጣሁት።

በሩ ገርበብ ብሏል። ዶሮው ታርዶ፣ ድመት እንዳይደርስበት ከማገሩ ላይ ተንጠልጥሏል። አራጅ እንደሌለኝ ባሌ ያውቃል። ባርኮ አርዶልኝ፣ ምንም ሳይቀምስ ሄዷል። ጣሊያን በሚያስሰው መንደር ለረጅም ሰዓት መቀመጥ ለእሱ ሞት ነበር። ስሙን እየጠራሁ እስከ ገደሉ አፋፍ ሄድሁ። የሚመልስልኝ ሳጣ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ አለቀስሁ። በራሴ እንደዚያን ቀን ተናድጄ አላውቅም።

በማግስቱ እልህ ያዘኝ። የእኔ ገና ዛሬ ነው አልሁ። ቄጤማ ጎዘጎዝሁ፣ እሳቱን አነደድሁ፣ ወጡን ሠራሁ፣ ነጭ ቀሚሴን ለበስሁ። ቤቱ ሞቀ፤ እውነትም በዓል መሰለ። መጥቶ የሄደ ሰው ወዲያው አይመለስም ብዬ ወደ ደጅ አንዴም አልተመለከትሁ። ብርዱ እንዳይገባ በሩን ከውስጥ ቀረቀርሁና፣ የባል ድርሻ የሆነውን ፈረሰኛውን ሳይቀር በላሁት። እልህ ምላጭ ያስውጣል ይባላል፤ እኔን ፈረሰኛ አስዋጠኝ። ጠላዬን ደጋገምሁና በጠራራ ፀሐይ ተኛሁ።

ከጥምቀት በኋላ ዱር አብሮት የነበረ ጓደኛው መጣ። ገና ከበራፉ ሲቆም መርዶ እንደያዘ አወቅሁ። ከሁሉ በፊት ከአፌ የወጣው ግን «ተቀይሞኝ ነበር?» የሚል ነው።

«ኧረ የለም! እየሳቀ ነው የተመለሰ። ‹ዶሮው እንደ ታሰረ፣ ጠላው እንዳልተቀዳ ነው። የመሪጌታ ልጅ ዘመኑን ረስታዋለች። ለእሷ ገና ነገ ነው፤ ነገ ትጠብቀኛለች› አለን። ይቅርብህ ብንለው እምቢ ብሎ በማግስቱ ወጣ። ወዳንቺ ሲመጣ ነው ከምሽጉ ሥር የመቱት።»

ጾሙን ሁሉ ጠብቄዋለሁ። ያን ቀን ብቻ አልጠበቅሁትም።