ሞተሬ የተሸከመው ዲሽ

ጣሪያ ላይ የቆመ ብረት የባለቤቱ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ የዋህ ኮልፌ ውስጥ ቢፈለግ እኔ ነበርኩ። አማተር ሬዲዮ እሠራለሁ፤ ማለትም ፈቃድ አውጥቼ፣ የማላውቀው አገር ከሚኖር የማላውቀው ሰው ጋር ስለ አየር ጠባይ አወራለሁ። ለዚህ ታላቅ ጉዳይ ረጅም ቱቦ አቆምኩ፤ ጫፉ ላይ አንቴና፣ ከሥሩ አንቴናውን ከነቱቦው የሚያዞር ትንሽ ሞተር። ሞተሩን ዘመዴ ከውጭ በሻንጣ ነው ያመጣልኝ፤ ከተቃጠለ ሌላ የለኝም። ሥራው ማዞር እንጂ መሸከም አይደለም። ክብደቱን የሚይዝለት ኩሽኔታ ከላዩ ማሰር ነበረብኝ፤ «ቆይ በኋላ» አልኩ።

ከኩሽኔታው በፊት ጎረቤቴ ሐጂ ዲሻቸውን ታቅፈው መጡ።

«አንተ ልጅ፣ ይቺ ብረት ዝም ብላ ከምትቆም የኔን ዲሽ ትያዝልኝ።»

«ሐጂ፣ ይዞራል እኮ!»

«ታዲያ አታዙረዋ!»

ምን ይባላል? ልጅ ሆኜ ኳሴ ግቢያቸው ስትገባ ሳይቀዷት የሚመልሱልኝ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ይሉኝታ ያዘኝና ብሎኑን ራሴ አጠበቅኩላቸው።

ቅዳሜ አንቴናዬን ወደ ምሥራቅ ሳዞር ከአጥሩ ወዲያ ጩኸት ተነሣ። ዲሹም አብሮ ዞሮ፣ ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ ሲል ነው አሉ ሥዕሉ የጠፋባቸው። ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ጨዋታ ባለበት ሰዓት እንዳላዞር ተፈረደብኝ። ጨዋታ የሌለበት ሰዓት የቱ እንደሆነ የጠየቀ የለም። ሞተሩም ክብደቱ በዝቶበት ማቃሰት ጀመረ። ተናደድኩ፤ የምሬን ተናደድኩ። ዲሹን አውርዱልኝ ልላቸው ቆርጬ ሄድኩና ሻይ ጠጥቼ ተመለስኩ።

ስለዚህ ቀላሉን መረጥኩ። ጦር ኃይሎች ሰፈር ካለ መለዋወጫ ሱቅ ወፍራም ኩሽኔታ ገዛሁ፤ 18 ማዞሪያ ሰፈር ያለ በያጅ የብረት መቀመጫ ሠራለት፤ ከሞተሩ በላይ አሰርኩት። ክብደቱ ሁሉ እሱ ላይ አረፈ። ቱቦው በአንድ ጣት ይዞር ጀመር፣ ሞተሩም ማቃሰቱን ተወ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ሐጂ ጣሪያው ላይ ወጥተው ቱቦውን በሁለት እጃቸው ነቀነቁት።

«ማሻአላህ! አሁን ገና ጠነከረች። የልጄም ዲሽ አለ፣ እሱንም ትያዝልን።»

አፌን ከፈትኩ። እምቢታዬ እስከ ጥርሴ ድረስ መጣ።

«ችግር የለም ሐጂ» አልኩ፤ «መሰላሉን እኔ እይዛለሁ።»