ከኩይሳው ሥር የተሞሉ ሰባት ብልቃጦች

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 11፡30፣ ልደታ

ሾፌራችን ጋሽ ታደሰ ፒካፓቸውን አስነስተው ከሰንጋ ተራው ኮንዶሚኒየማችን በር ላይ ጠበቁኝ። ከልደታ ማርያም ቅዳሴ ይሰማል። ከፊት የባዮሎጂ መምህሬ ሰናይት ተቀምጠዋል። የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ፤ ረዳት ሲፈልጉ ቀድሜ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ።

«የሰንጋ ተራ ልጅ በጠጥ ልትለቅም ሻሸመኔ ትወርዳለች?» አሉ ጋሽ ታደሰ። «ድሮ የከብት ገበያው እያለ ብትወለጂ እደጅሽ ታገኚው ነበር።»

«የምንፈልገው የቆርኬ ነው፣ ጋሼ።»

ረፋድ 3፡00፣ ዝዋይ

የተጠበሰ ዓሣ፣ ዳቦ፣ ሚጥሚጣ። መምህር እየበሉ አስረዱን። ቆርኬ ፊተ ረጅም፣ ቀይ ዳማ የዱር እንስሳ ነው። በየቦታው የቀሩት መንጎች በእርሻ ስለተከበቡ አይገናኙም። ዘመድ ከዘመድ እየተዳቀለ ዘረመላቸው ተመሳስሎ ይሆን? መልሱ፣ እንስሳውን ሳንነካ፣ ከሚጥለው በጠጥ ይገኛል።

«ከአንድ እንስሳ አንድ ብልቃጥ ብቻ» አሉኝ።

ከሰዓት 9፡00፣ ሻሸመኔ አጠገብ፣ ሰንቀሌ የቆርኬ መጠለያ

ቢጫ ሣር እስከ ወገብ። አንድ ወንድ ቆርኬ ኩይሳ ላይ ቆሞ ያየናል። ከኩይሳው ሥር ትልቅ የበጠጥ ክምር አገኘሁ። መንጋው ሁሉ ያለፈበት መስሎኝ ሰባት ብልቃጥ ሞላሁ።

ማታ መምህር ከሌላ ቦታ ከለቀምናቸው አሥራ ሦስት ጋር ደምረው ቆጠሩ። «ሃያ! ጎበዝ።»

ጠባቂው ኦቦ ገመዳ እራት ላይ ስለዚያ ወንድ አወሩ። «ግዛቱን የሚያስከብረው እንዲህ ነው። በየቀኑ እዚያው አንድ ቦታ ላይ ይጥላል።»

ጉርሻዬን ትሪው ላይ መለስኩት። አንዱ ወንድ ሰባት ሆኖ ከተቆጠረ፣ መንጋው ሁሉ አንድ ዓይነት ይመስላል።

«መምህር፣ ሰባቱ ከአንድ ክምር ናቸው።»

እጃቸውን አበሱ። «ደብተሩን አምጪ። ስድስቱን ሰርዢ።»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«ላቦራቶሪ ከገባ በኋላ ብትነግሪኝ ነበር የምቀየመው።»

እሑድ፣ ማለዳ

ጤዛው ጫማዬን አራሰው። ከኦቦ ገመዳ ጋር ሣር ውስጥ ተቀምጠን ጠበቅን። እያንዳንዷ ቆርኬ ስትጥል በዓይኔ እያየሁ፣ እስክትርቅ ታግሼ አነሳሁ። በአራት ሰዓት ውስጥ አራት ብልቃጥ።

ማምሻውን፣ ልደታ

ሳጥኑን ከጉልበቴ ላይ ሳላወርድ ደረስን።

«ስንት ይዘን ገባን?» አሉ ጋሽ ታደሰ።

«አሥራ ስምንት።»

«ትናንት ሃያ አላላችሁም?»

«ሰባቱ አንድ ወንድ ሆኖ ተገኘ።»

«እንደ እድራችን ስብሰባ ነዋ፤ አንዱ ለሰባት ይፈርማል።»

መምህር ሰናይት በጉዞው ለመጀመሪያ ጊዜ ጮክ ብለው ሳቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ነገ ላቦራቶሪ ስገባ አብረሽኝ ግቢ፤ የኩይሳውን ጌታ ብልቃጥ አንቺ ትከፍቺዋለሽ» አሉኝ።