የታናሽየው ጣቶች

ሁለቱ ወንድማማቾች የተጣሉት ወንዛዬ በምትባል የገጠር ቀበሌ፣ በመስኖ ውሃ ተራ ነው። ታላቅየው ማጅራቱን በዱላ ሲለው ታናሽየው ቦዩ ውስጥ በግንባሩ ተደፋ። አንገቱ ተሰበረ። ባሕር ዳር፣ እኔ የምሠራበት ሆስፒታል ሲደርሱ፣ የተጎዳውን ጭንቅላት በሁለት መዳፉ ግራና ቀኝ ጨምድዶ የመጣው ያው የመታው ሰው ነበር። የጤና ኬላዋ ሠራተኛ፣ ከተነቃነቀ ይሞታል ብላዋለች።

«ልቀቀው፤ ከዚህ በኋላ የእኛ ሥራ ነው» አልኩት።

«ከወንዛዬ ጀምሬ አለቀቅሁም ዶክተር። አሁንም አለቅም።»

ጠላሁት። ጣቶቹን በግድ ፈልቅቀን አስለቀቅነው።

የአንገቱ አጥንት ከቦታው ተንሸራቶ ኅብለ ሰረሰሩን ጨፍልቆታል። እግሮቹ ትንሽ ይንቀሳቀሳሉ፤ እጆቹ ግን በድን ናቸው። እጅ የሌለው ገበሬ ምን ይሆናል? እኔን ያስጨነቀኝ ይኸው ነበር።

ሰው ቀዶ ጥገና ሲባል የጥልፍ ሥራ ይመስለዋል። አንገትን በብሎን ማሰር ግን አናጢነት ነው፤ ያውም ደም የሚፈስበት። በደረቱ አስተኝተን ጭንቅላቱን በብረት ነክሰን ያዝነው። ማጅራቱን ሰነጠቅኩ፤ ጡንቻውን ከአጥንቱ ላይ ፋቅኩ። መሰርሰሪያው ሲጮህ የተቃጠለ ቀንድ የሚመስል ሽታ ክፍሉን ሞላው። ወደ ውስጥ ካጋደለ ኅብለ ሰረሰሩን ይበሳል፤ በጥልቀት ካለፈ ለአንጎል ደም የሚያደርሰውን ቧንቧ። ወደ ውጭና ወደ ላይ አዘንብዬ በሳሁ። ብሎኖቹን ከአጥንቱ ጋር አጥብቄ፣ በሁለት የብረት ዘንጎች ግራና ቀኝ አያያዝኳቸው። ስወጣ ጫማዬ በደም ረጥቦ ነበር።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ መዳፌን መዳፉ ላይ አድርጌ «ጨብጠኝ» እለዋለሁ። ምንም የለም። ታላቅየው አልጋው ሥር ወለል ላይ እየተኛ፣ በእጁ ያጎርሰዋል። ታናሽየው ይጎርሳል፤ አንድ ቃል ግን አይመልስለትም።

አንድ ጠዋት እኔና ነርሷ ስንገባ ታላቅየው ተንበርክኮ አፉን ሊጠርግለት ጎንበስ ብሏል። የበሽተኛው ቀኝ እጅ ከአንሶላው ላይ ተንቀጥቅጦ ተነሣ። በደረቱ ሽቅብ ተሳበና የወንድሙን ጉሮሮ አገኘ። ጣቶቹ ታጠፉ። ታላቅየው አልሸሸም፤ ፊቱ እየጠቆረ፣ ዓይኑ እንደፈጠጠ እዚያው ቀረ።

ነርሷ ልታላቅቃቸው ሮጠች። የእኔ ልብ ግን በደስታ ሊፈነዳ ደርሷል።

«በርታ» አልኩት ታናሽየውን። «አሁንም ጠበቅ አድርግ።»