ደብዳቤው ደረሰ ወይ?

ክፍሉን መጀመሪያ ያየሁት በወንድሜ ትከሻ ላይ አሻግሬ ነው። የዚያን ቀን ጠዋት ሁለታችንንም አንድ ላይ ከቤት ወስደውናል። የሚፈለገው እሱ ነበር፤ እኔ በሩን የከፈትኩላቸው ነኝ። ጠባቂው የብረቱን በር ሲገፋው ወንድሜ መግቢያው ላይ ቆሞ ቀረ። ከኋላው ሆኜ የታየኝ የሰው እግር ብቻ ነው፤ በሁለት ረድፍ የተዘረጋ፣ ካልሲ ያለውም የሌለውም። የእርጥብ ብርድ ልብስና የሽንኩርት ሽታ ወጣ።

«ግቡ እንጂ ልጆች፣ ብርድ አታስገቡብን» አሉ ከውስጥ አንድ ሽማግሌ።

እሳቸው የክፍሉ ካቦ፣ ማለትም የእስረኞቹ አለቃ ነበሩ። ከመታሰራቸው በፊት መምህር ነበሩ። የምንተኛበትን ካሳዩን በኋላ መጀመሪያ የጠየቁን ለምን እንደታሰርን አልነበረም።

«ማንበብ ትወዳላችሁ?» አሉን።

«እኔ እወዳለሁ» አለ ወንድሜ። ወደ እኔ ዞር ብሎ፣ «እሱም ይለምዳል» አለ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ነበር። ግን ሳነብ እዘገያለሁ። በጣቴ ካልተከተልኩ መስመሩ ይጠፋኛል። ይህን ከቤት ሰው በቀር ማንም አያውቅም ነበር።

መጽሐፍ የሚገባልን ከስንቅ ጋር ነው። ጠባቂዎቹ ሽፋኑን ገንጥለው ስለሚያስገቡት ርዕሱንም ደራሲውንም አናውቅም። ለሠላሳ አራት ሰው አንድ መጽሐፍ አይበቃም፤ ስለዚህ ስፌቱን ፈትተን አምስት ቦታ እንከፍለዋለን። አንዱን ክፍል «ቁራሽ» እንለው ነበር። አንድ ቁራሽ ለአንድ ሰው ሁለት ቀን ይቆያል። ከሰዓት በኋላ ቆጠራው ሲያልቅ፣ የጨረሰ ሰው ብርሃን በሚገባበት በር አጠገብ ቆሞ አስተያየቱን ይናገራል።

«ጥሩ ነው» ብሎ መቀመጥ አይቻልም። «ጥሩ ነው የሚባለው ለሻይ ነው» ይሉ ነበር ካቦው። የሌላውን ሰው አስተያየት መድገምም አይቻልም። ከሁሉ የከበደው ሕግ ግን መጨረሻውን አለመናገር ነው። ቁራሾቹ በተራ ስለማይደርሱ፣ መጨረሻውን ከመጀመሪያው በፊት ያነበበ ብዙ ሰው ነበር።

አንድ የታክሲ ረዳት ነበር፤ የዶሮ እርባታ መመሪያ ደረሰው። በሩ አጠገብ ቆሞ፣ «እስከ ዛሬ ካነበብኩት ሁሉ ይሄ ይበልጣል። ማንም አይሞትም» አለ።

«ዶሮዎቹስ?» አለው አንዱ።

«እነሱ ለፋሲካ ነው። መጽሐፉ ፋሲካ ድረስ አልሄደም።»

ካቦው ሳይቀሩ ሳቁ።

የወንድሜን አስተያየት ግን ሰው ሁሉ ይጠብቀው ነበር። ስለ አንድ የታሪክ መጽሐፍ፣ «ነገሥታቱን አንድ በአንድ ያውቃል፤ ስንቃቸውን ማን እንደተሸከመ ግን አልጠየቀም» አለ። ስለ አንድ የግጥም መጽሐፍ፣ «ስድስቱ የራሱ ናቸው፤ የቀሩት ለጭብጨባ የተጻፉ ናቸው» አለ። ስለ አንድ የወንጀል ልብ ወለድ ደግሞ፣ «ገዳዩን እኔ ሁለተኛው ገጽ ላይ አወቅኩት፤ ደራሲው እስከ መጨረሻው አላወቀውም» አለ።

የእኔ ተራ ሲደርስ የምለውን የሚነግረኝ እሱ ነው። ፍራሹ ላይ ሆኖ በቀስታ ይነግረኛል፤ እኔ ተነስቼ እደግመዋለሁ። ካቦው አንድ ቀን ሰምተውኝ፣ «ይሄ የወንድምህ አፍ ነው። የአንተን ቀን እንጠብቃለን» አሉኝ።

ከዚያ ያ ልብ ወለድ ገባ። ስለ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ከመቀመጫው ሥር ለማያውቃት ሴት የተጻፈ የታሸገ ደብዳቤ ያገኛል፤ ሊያደርስላት አገር ለአገር ይዞራል። ወንድሜ አራቱን ቁራሽ ጨረሰ። አምስተኛው፣ የመጨረሻው፣ እኔ እጅ ላይ ነበር። ተራዬ አልፎ፣ ከያዝኩት ሦስት ቀን ሆኖኛል። ያነበብኩት አሥራ አንድ ገጽ ነው። እሱ ወደ እኔ ሲያይ ያላነበብኩትን ገጽ እገልጥ ነበር።

በዚያ ሰሞን ወንድሜ ጎኑን ያመው ነበር። ምግብ ትቶ ነበር። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ጠባቂው በበሩ ቀዳዳ ስሙን ጠራና፣ «ያለ ዕቃ!» አለ። እዚያ የኖረ ሰው ይህን ያውቀዋል። «ከነዕቃህ» የተባለ ወይ ይፈታል ወይ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ያለ ዕቃ የተጠራ ግን ይመለሳል። ስለዚህ ማንም ሊሸኘው አልተነሳም። ክሊኒክ ነው የሚወስዱት አልን።

ጫማውን እያጠለቀ፣ «አንተ ልጅ፣ ደብዳቤው ደረሰ ወይ? እሷን ብቻ ንገረኝ» አለኝ።

«መጨረሻ መናገር ክልክል ነው» አልኩት።

«ለእኔም?»

«ለአንተም፣ ጋሽዬ። ስትመለስ ታነበዋለህ።»

ሳቀ። «ሕግ አክባሪ ሆንክብኝ!» አለ። ጎኑን ይዞ ጎንበስ እንዳለ ወጣ። በሩ ተዘጋ።

የከለከልኩት የማላውቀውን ነው።

በአምስተኛው ቀን ጠባቂው መጥቶ፣ «የእሱን ዕቃ አምጡ» አለ።

«ሰውየውስ?» አሉ ካቦው።

ጠባቂው ወጣት ነበር። መሬት መሬት አየ። «እኔ የታዘዝኩት ዕቃውን ነው» አለ።

ካቦው ኮፍያቸውን አወለቁ። እኔ ብርድ ልብሱን አጠፍኩ። ሹራቡን፣ ኩባያውን፣ የጥርስ ብሩሹን በፌስታል አደረግኩ። ኩባያው ውስጥ ሻይ ደርቆ ነበር። ልጠበው ብዬ ተውኩት። ምን እንደገደለው የሚናገር ወረቀት እስከ ዛሬ አላየሁም።

የዚያን ዕለት ከቆጠራው በኋላ ካቦው፣ «ዛሬ አስተያየት የለም» አሉ።

«እኔ አለኝ» አልኩ። እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። ቁራሹን ይዤ በሩ አጠገብ ቆምኩ። «ይህን ስምንት ቀን ይዤዋለሁ። አላነበብኩትም። ከዚህ በፊት የተናገርኩትም ሁሉ የእሱ ነው። አሁን ጮክ ብዬ ላነበው ነው።»

«መጨረሻው ነው እኮ...» ብሎ ጀመረ የታክሲ ረዳቱ፤ ከዚያ ራሱ አፉን ያዘ።

«ሕጉ ለዛሬ ተነስቷል» አሉ ካቦው። «አንብብ ልጄ።»

በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። ቃል ሲይዘኝ ማንም አልነገረኝም፤ እስክወጣው ጠበቁኝ። ጠባቂው የበሩን ቀዳዳ ከፍቶ አየን፤ ሳይዘጋው ሄደ። ስጨርስ ብርሃኑ ከበሩ ተነስቶ ማዶ ግድግዳው ላይ ደርሶ ነበር። ሹፌሩ ሴትየዋን ያገኛታል። ደብዳቤውን በሁለት እጇ ትቀበለዋለች። እሱ ፊት አትከፍተውም። «ምሳ በልተሃል?» ትለዋለች። መጽሐፉ እዚያ ላይ ያልቃል።

«አስተያየትህስ?» አሉኝ ካቦው።

«ደርሷል» አልኩ። ደገምኩት። «ደብዳቤው ደርሷል። ውስጡ ምን እንዳለ ደራሲው አልነገረንም። የእሷ ስለሆነ ይመስለኛል። በዚህ ወድጄዋለሁ።»

«ይሄ የራስህ ነው» አሉ፤ ኮፍያቸውን ግን አላጠለቁም።

ክፍሉ ለመገላበጥ እንኳ አይመችም ነበር። የወንድሜን ቦታ ግን ሳምንቱ እስኪያልቅ ማንም አልተኛበትም።

ይህን የምጽፈው እዚህ ስዊድን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሻርሆልመን ቢብሊዮቴክ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ፣ ለምንገናኘው ለእናንተ ለንባብ ጓደኞቼ ነው። ባለፈው ስለ አራቱ መጻሕፍት ስንወያይ ተቆጥታችሁኛል፤ ልክ ናችሁ። ስለ ስዊድኑ የወንጀል ልብ ወለድ አስተያየቴን ስትጠይቁኝ፣ «በረዶው በደንብ ተጽፏል፤ ፖሊሱ ብዙ ያስባል፤ ገዳዩ ጎረቤትየው ነው» አልኩ። ከሁላችን በዕድሜ ትልቋ እትዬ መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ልጄ፣ ምነው! እኔ እኮ ገና ሃምሳኛው ገጽ ላይ ነኝ!» አሉ። ይቅርታ ጠይቄ ሳልጨርስ የነርሷን የሕይወት ታሪክ መጨረሻም ተናገርኩ። የግጥሙ መጽሐፍ መጨረሻ ስለሌለው ተረፈ። አጭር ግጥም እወዳለሁ፤ ለእኔ ዓይነት አንባቢ ይበቃል። በረንዳ ላይ ቲማቲም ስለማብቀል የሚናገረውንም ወድጄዋለሁ። ማንም አይሞትም። ይህን ስል ብቻዬን ሳቅኩ፤ ለምን እንደሆነ አሁን ገባችሁ።

እትዬ፣ እርስዎን ላበሳጭ ብዬ አይደለም። መጽሐፍ ስዋስ መደርደሪያው አጠገብ ቆሜ መጀመሪያ የመጨረሻውን ገጽ አነባለሁ። ከዚያ በኋላ ነው የማስመዘግበው። ወደ ቤቴ ወደ ሮግስቬድ ስመለስ ቱነልባናው፣ የምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ውስጥ ከገጽ አንድ እጀምራለሁ፣ በጣቴ እየተከተልኩ። ባቡር ቀይሬ ስቀመጥም ጣቴን ከመስመሩ አላነሳም። ማንም አያየኝም፤ ቢያየኝም ግድ የለኝም። አሁን የያዝኩት መጽሐፍ መጨረሻው ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ።

«ደረሰ ወይ?» ብሎ የሚጠይቀኝ ግን የለም።