በአንድ ቃል ምክንያት አቃቂ ደርሼ መጣሁ

ማክሰኞ፣ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት፤ ለገሀር።
ባቡሩ ገና አልተንቀሳቀሰም፤ እኔን ግን አልቦኛል። ትናንት የአንድ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥገና ሹም የሆኑት አቶ ደምሴ መልእክት ላኩብኝ፤ "ከውጭ በመጣ ሳጥን ላይ በዕብራይስጥ ተጽፏል፤ ናና አንብብልን።" አቶ ደምሴ ላገባት የምፈልጋት የጽጌ አባት ናቸው። ኢየሩሳሌም ሁለት ዓመት መኖሬን ሰምተዋል። እዚያ የኖርሁት ግን እዚያ ላለው ለእኛው ገዳም ወጥ ቤት አስቤዛ እየሸመትሁ ነው።

ባቡር ውስጥ፤ ቃሊቲን ስናልፍ።
የእንጨት ወንበር፣ እግሩ የታሰረ ዶሮ፣ በመስኮት የጤፍ ማሳ፣ ራቅ ብሎ የፋብሪካ ጭስ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት በአሥር ሳንቲም የተቀቀለ እንቁላል ሸጡልኝ።
"ፊትህ ገርጥቷል፤ ሐኪም ቤት ነው የምትሄደው?"
"አይ፣ አማቴ ሊሆኑ የሚችሉ ሰው ዘንድ ነኝ።"
"እሱስ ይብሳል" አሉና ጨው ጨመሩልኝ።

ሁለት ሰዓት፤ አቃቂ።
ትልቁ የሽመና መኪና ከቆመ ሦስት ቀኑ ነው። ብሎኑ አለ፤ የሚያጠብቀው ዳዶ የለም። የእንግሊዝኛው ዝርዝር ሳጥኑ ውስጥ "ነት" አለ ይላል፤ ነት ደግሞ ዳዶ ነው። ፈረንጁ መሐንዲስ አሥመራ ሄዷል። አቶ ደምሴ ሳጥኑን በአንድ እጃቸው አነሡት።
"አልቀለለም?" አልኋቸው።
"የውጭ ብረት ቀላል ነው።"
ጽሑፉን ፊደል በፊደል አነበብሁት፤ ኤጎዚም። ደስ አለኝ፤ ከዚያ ደግሞ ደነገጥሁ።
"ጋሼ፣ ይሄ ዳዶ አይደለም። ኤጎዝ የሚበላ ፍሬ ነው፤ ሲበዛ ኤጎዚም ይላሉ። የምገዛበት ሱቅ ባለቤት የፋርስ ሰው ነበር፤ 'ቃሉ የመጣው ከእኛ ጎዝ ነው' ይለኝ ነበር። በግዕዝም ገውዝ ነው።"
"ዳዶንስ በዕብራይስጥ ምን ይሉታል?"
"አላውቅም።"
"ታዲያ ዳዶ አለመሆኑን በምን አወቅህ?"
"እውነቱን ልንገርዎት፤ እኔ የማውቀው የገበያውን ዕብራይስጥ ብቻ ነው።"
ጽጌን ያጣኋት መሰለኝ።
ከበሩ ማዶ ሱቅ ያለው የስልጤው ከድር ጉጠት ይዞ መጣና ክዳኑን ነቀለው። ውስጡ ቡናማ፣ ክብ፣ ቅርፊቱ የተጨማደደ ፍሬ ሞልቷል።
"ጀውዝ" አለ ከድር። "በዐረብኛ ጀውዝ ነው። ሐጅ ስሄድ በልቼዋለሁ።"
በመዶሻ እየሰበርን ቀመስን። አቶ ደምሴ መጀመሪያ ተጠየፉ፤ በኋላ መዶሻውን ከእጃቸው ማስለቀቅ አቃተን።

አራት ሰዓት፤ ቢሮ።
ስልክ ተደወለ። የመሐንዲሱ ሚስት ናት፣ ከአዲስ አበባ። ለኬክ የሚሆን ገውዝ ከሀገሯ ስትጠብቅ ቤቷ የደረሰው ብረት ነው፤ በእንግሊዝኛ ዳዶም ገውዝም "ነት" ስለሚባሉ ሳጥኖቹ ተለዋውጠዋል።
"የእርስዎ ሳጥን በደህና አለ፣ እሜቴ" አሉ አቶ ደምሴ፣ ጢማቸው ላይ የቀረውን ፍርፋሪ እየጠረጉ። የተረፈውን ገውዝ ራሳቸው መልሰው በሚስማር አሸጉት።

አሥር ሰዓት፤ ባቡር ጣቢያ።
ዳዶው ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና መጥቶ የሽመናው መኪና ተነሣ። አቶ ደምሴ እስከ ጣቢያው ሸኙኝ።
"እሑድ ለምሳ ና" አሉኝ በመጨረሻ። "ባለቤቴ ግን ኢየሩሳሌም ስትጸልይ የኖርህ ነው የሚመስላት። ሽንኩርት ስትሸምት እንደነበር እንዳትነግራት።"
ለገሀር ስወርድ ትኬት ተቀባዩ ምን እንደሚያስቀኝ ጠየቀኝ። እሑድ ምሳ ተጋብዣለሁ አልሁት።